ምስጢር የሚጠበቅበት በር ለወጣቶቻችንም ይከፈት

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሲነሳ ብዙዎቻችን «መድኃኒቱ አለ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እዚህ ካኩማ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ሳይወራባት ምክር ልታገኝ ትችላለች ወይ?

ካምፕ እንደምታውቁት ጠባብ ነው። ሰልፉ ላይ የእናቷ ቡና አጣጪ ትኖራለች። ነርሷ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ስለምትናገር መሃል አስተርጓሚ ይገባል። አስተርጓሚው ደግሞ የሰፈር ሰው ነው፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አርብ መስጊድ የምታገኘው። ታዲያ አፏን እንዴት ትክፈት? «ራሴን አመመኝ» ብላ ፓናዶል ይዛ ትመለሳለች።

ከዚያ በኋላ የሚያስተምራት ወሬ ነው። «መርፌ ያመክናል» ይሏታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የ3 ወሩ መርፌ ሲቆም እርግዝና ለመምጣት ወራት፣ አንዳንዴም አንድ ዓመት ያህል ሊዘገይ ይችላል እንጂ አያመክንም። ክንድ ቆዳ ስር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል፤ ባለቤቷ በፈለገች ቀን በሰለጠነ ባለሙያ ይወጣላታል። ክኒን በየቀኑ ሳይረሳ መዋጥ አለበት። ከእነዚህ ሁሉ ኤች አይ ቪንም የሚከላከለው ኮንዶም ብቻ ነው። የትኛው እንደሚስማማት የሚለየው ከባለሙያ ጋር ተነጋግራ ነው፤ ጓደኛዋ የወሰደችው ለእሷ ላይሆን ይችላል።

ዝምታው በጣም የሚጎዳው ደግሞ ተገዳ የተደፈረችውን ነው። ድንገተኛው ክኒን ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሰው ያየኛል ብላ ሦስት ቀን ቤት ከተቀመጠች ሰዓቱ አለፈ ማለት ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ልጆቻችንን ማባለግ ነው» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ልጅን መምከርና መቆጣጠር የእነሱ ድርሻ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ባትጠይቅም ነገሩ አይቀርም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የወለደች ተማሪ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ የሚፈቅድ መመሪያ አላት። ግን ሕፃኑን ማን ይያዝላት? እኛ አስተማሪዎች ወንበሯ ባዶ ሆኖ ሲቀር እናየዋለን። ያስረገዘው ልጅ ግን በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ምክሩ ለወንዶቹም ይሁን።

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ አስተርጓሚዎች ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርሙ፤ ያወጣም ከሥራው ይነሳ። ሁለተኛ፣ ልጅቷ «ይህን ሰው አልፈልግም» ስትል ሌላ ይተካላት፤ ሴት ከፈለገችም ሴት ትሁን። ሦስተኛ፣ ከትምህርት በኋላ ለወጣቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ይመደብ፣ በሩም የሌላው ሕክምና በር ይሁን፤ ለምን እንደገባች ማንም እንዳያውቅ።

እኛም ቡና ላይ የሰው ልጅ ስም ማንሳቱን እንተው። የነገዋ የእኛው ልጅ ልትሆን ትችላለች።