ለጋርባ ጉራቻ የሚመጥን ቅንጦት

ጋርባ ጉራቻ ትንሽ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 500፣ ወርዱ 300 ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቅ የተባለው ቦታው እንኳ 6 ሜትር ቢደርስ ነው። ያለበት ስፍራ ግን ሌላ ነው። በባሌ ተራሮች ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በገደል ታቅፎ የተኛ ውሃ ነው። ጉድጓዱን የፈለፈለው የበረዶ ግግር ሲሆን፣ በረዶው ቀልጦ ከለቀቀው 16 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ተመራማሪዎች ከሥሩ ያወጡት ደለል ከ15 ሜትር በላይ ይረዝማል። አካባቢው መቼ እንደደረቀ፣ መቼ ዝናብ እንደጠገበ፣ የአስታው ጫካ መቼ መቼ እንደነደደ የሚነበበው ከዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። ደለሉ ከውሃው ይጠልቃል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ስሙ በየቤቱ ይነሣል። ለገና ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከዱባይ የሚገቡ ዘመዶቻችን ገና ኅዳር ላይ ይደውላሉ። «ላንጋኖና ሐዋሳ አልሰለቻችሁም? ዘንድሮ ተራራ ላይ ካለ ሐይቅ ዳር እንደር፤ ገንዘቡ አያሳስባችሁ፣ ምቾቱ ብቻ አይጓደል» ይላሉ። እዚህ አዲስ አበባም እንዲህ የሚሉ እየበዙ ነው። እኔ ደስ ይለኛል። አቅም ያለው ሰው ገንዘቡን ዲንሾና ጎባ ሄዶ ቢያወጣ፣ ከፈረሱ ባለቤት እስከ እንጀራ ጋጋሪዋ ድረስ ብዙ ሰው ይጠቀማል። የምከራከረው ገንዘቡ ምን ላይ ይውጣ በሚለው ነው። ጄኔሬተር ይጫን፣ ስፒከር ይምጣ፣ በግ ይታረድ፣ የእንጨት እሳት ይንደድ ተብሎ ሲታቀድ ስሰማ እጅግ አዝናለሁ። እዚያ ከፍታ ላይ ሰውን የሚያስደስተው በቂ ጊዜ፣ ሙቀትና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ገንዘባችሁን እነዚህ ላይ አውጡት።

ከሁሉም የሚከብደው ጊዜው ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርድ የመኪና መንገድ አለ። ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱ የአፍሪካ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው ይባልለታል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው ቁርሱን ጎባ በልቶ፣ የበላው ከሆዱ ሳይረጋ 4,000 ሜትር ላይ ይገኛል። አደጋውም ይኸው ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ቢሆን ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ መኖር የለመደ ሳንባ ስላለው ትንሽ ይሻለዋል። ትናንት ከዱባይ የገባች እህታችን ግን እሱ የላትም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከባሰም እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድና አርፎ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ማጠር ይከተላል። ሰውዬው እዚህ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር መውረድ አለበት፤ ኪኒንም ሙቅ ሻይም መውረድን አይተኩም። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የማደሪያውን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች፣ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስለዚህ ከውጭ የሚመጡት አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ይረፉ። ከዚያ ሮቤ ድረስ አውሮፕላን አለ፤ እኔ ግን በመኪና ቢሆን እመርጣለሁ። አሰላንና በቆጂን፣ የእነ ደራርቱን፣ የእነ ቀነኒሳንና የእነ ጥሩነሽን አገር፣ በመስኮት አይቶ ማለፍ ራሱ የጉዞው አካል ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን በዋዜማው እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቁ። ዲንሾ ላይ ደግሞ ከአንድ ሌሊት በላይ እደሩ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ግቢ በጥድና በኮሶ ዛፍ የተሸፈነ ነው። እዚያ ጥላ ሥር የሚግጠው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የሳይንሱ ዓለም ያወቀውም ገና እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ሳንባው ከፍታውን እስኪለምድ ድረስ ዓይን ሥራ አያጣም። አንዲት ከውጭ የመጣች ዘመዴ በደረሰችበት ቀን ወደ ላይ ካልወጣሁ ብላ ስትጣደፍ፣ የዲንሾው አስጎብኚ «እትዬ፣ ሐይቁ የትም አይሄድም፤ ዛሬ እዚህ ይደሩ» አላት። የከፈለችው ክፍያ ለዚህ አንድ ቃል ብቻ ቢሆን እንኳ ተገቢ ነበር።

ይህን ዕቅድ ሳቀርብ «እኛ እኮ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለን» የሚል መልስ ይመጣል። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ጋርባ ጉራቻ ዳር ባያድር ይሻለዋል። ወንጪ ሐይቅ ይሂድ። በአምቦም በወሊሶም በኩል ይገባል፤ ፈረስ አለው፣ ጀልባ አለው፣ በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራ ማረፊያ አለው፤ ከፍታውም ገር ነው።

ጊዜ ያለው ግን ከዲንሾ በፈረስ ይነሣ። የተለመደው መንገድ በዌብ ሸለቆ አድርጎ፣ በሶዶታ፣ በኬይሬንሳና በራፉ በኩል እየተዳረሰ፣ ማደሪያውን ጥቂት ጥቂት ከፍ እያደረገ ሐይቁ ዘንድ ያደርሳል። በመንገድ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ እዚህ እሳት አንድደው ኖረዋል። ምግባቸው በብዛት ግዙፍ የፍልፈል ዝርያ ነበር። የድንጋይ መሣሪያቸውን ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ የባልጩት ቋጥኝ ፈልጠው ያመጡ ነበር። እዚያ ዋሻ አፍ ላይ ለመቀመጥ ግማሽ ቀን መድቡ። አስጎብኚው ካልነገራችሁ ዝም ብላችሁ የምታልፉት ድንጋይ ነው።

ያ ፍልፈል ዛሬም አለ፤ ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ሣሩን ስታሞቀው ጭንቅላቱን ከጉድጓዱ ብቅ ያደርግና በአፉ ሣር ሰብስቦ ይመለሳል። ቀይ ቀበሮው ከሩቅ ያየዋል። ሆዱን መሬት እያስነካ ሁለት እርምጃ ይራመድና ይቆማል፤ ፍልፈሉ ሲገባ ደግሞ ሁለት እርምጃ። ከፈረስ ላይ ሆናችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ስትጠብቁ፣ ድንገት ዘሎ አፉን ጉድጓዱ ውስጥ ይከታል። አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ጭቃ ብቻ ይዞ ይወጣል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ናቸው። ይህን ለማየት ስፒከር መዝጋት፣ ድሮን አለማስነሣትና ቀስ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ብርዱ። ተመራጩ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ ፀሐያማ ነው። ሰማዩ በጠራ ቁጥር ግን ሌሊቱ ይከፋል። ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ማታ በሳህን የቀረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል፤ ድንኳኑም ከውስጥ በትንፋሽ ውርጭ ይነጣል። ትልቁን ወጪ እዚህ ላይ አውጡ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ በምቾት የሚያስተኛ ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ፣ ደረቅ የሱፍ ካልሲ፣ ኮፍያ። ብዙ ሰው ከላይ ብርድ ልብስ ይደራርብና ከታች መሬቱ ሙቀቱን ሲመጥበት ያድራል። የባሌ አስጎብኚዎች አንድ ብልሃት አላቸው። ማታ የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልተው፣ በካልሲ ጠቅልለው እግር ሥር ያስቀምጡላችኋል። ሌሊቱን ያሞቃል፣ ጠዋት ለብ ብሎ ፊት ይታጠቡበታል። በጄኔሬተር የሚሠራ ማሞቂያ ይህን አይተካም፤ ጩኸቱ ደግሞ ሸለቆውን በሙሉ ያውካል።

ምግቡም እንደ ቤት አይደለም። በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቡናው ቶሎ ይንተከተካል፤ ምስሩና ሽምብራው ግን አልበስል ብለው ያስመሻሉ። ስለዚህ ፕሬሸር ኩከር ይዞ የሚወጣ ምግብ አብሳይ ቅጠሩ፤ ወይም ጥራጥሬው ዲንሾ ላይ ተቀቅሎ ይውጣ። ሥጋን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለ ፈረሶቹና አስጎብኚዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ አይበሉም፤ ሙስሊም ያረደውን ከእናንተም የማይበላ አይጠፋም። አንዱ ጥብስ ሲበላ ሌላው ደረቅ ዳቦ ይዞ በብርድ የሚቀመጥበት ማዕድ አገር ጎብኝዎችን አያኮራም። ደግነቱ የገና ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ፣ ልክ በዚህ ወቅት ላይ ይውላል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ አትክልቱ፣ ቡናው ለሁሉም ይሆናል። ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚጎርስበት እራት ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

ማገዶ ለማስለቀም አታስቡ። እዚያ ከፍታ ላይ የሚገኘው እንጨት አስታ ነው፤ እሱም በብርድ ውስጥ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። ለአንድ ምሽት ፎቶ የሚነደው ግንድ ተመልሶ ለማደግ የልጆቻችንን ዕድሜ ይፈልጋል። ጋዝ ይዛችሁ ውጡ። ውሻ ፈጽሞ አይወሰድም። በውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያና በ2003 የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች ክፉኛ ጨርሷቸዋል። ፍርፋሪ ተጥሎ ሲቀር የእረኞች ውሾችን ስለሚስብ ቆሻሻችሁን በከረጢት ይዛችሁ ተመለሱ። የመጸዳጃ ድንኳንና የሚታሸግ ባልዲ ደግሞ በግልጽ ጠይቁ። የቶጎና ወንዝ ከሐይቁ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ጎባ የሚወርድ ነው፤ ሐይቁ ዳር የምንተወው ነገር የሰው ውሃ ውስጥ ይገባል። አስጎብኚ ድርጅቱን ስትመርጡ ከፎቶው በፊት ስለዚህ ባልዲ ጠይቁት፤ መልስ የሌለው ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

«ታዲያ ለምን እዚያው ዳር ጥሩ ሎጅ አይሠራም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በቀና ልብ እንደሚሉት አውቃለሁ። እኔ ግን ፈጽሞ አልስማማም። ጥልቀቱ 6 ሜትር የሆነ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ የሆቴል ቧንቧ አይችልም። ክንፈ ሰማያዊ ዝይ የሚግጥበት መስክ፣ ፍልፈሉ የሚቆፍረው አፈር መሠረት ከተጣለበት በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። ሎጁ ከሐይቁ በታች ይሁን። ጎባ፣ ዲንሾ፣ ሐረና ደን ውስጥ ሰው የሚኖርበት፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ያለበት፣ ውሃና መንገድ የሚደርስበት ቦታ ሞልቷል። ላይኛው ድንኳን ተተክሎ የሚነቀልበት ሆኖ ይቆይ። የዓለም ቅርስነቱም የሚጸናው እንዲያ ሲሆን ነው።

እናትና አባት ይዘው የሚመጡ ደግሞ «እማዬስ?» ይሉኛል። ፈረስ መቀመጥ የማይችል ሰው ከዚህ ጉዞ አይቀርም። እማዬ ጎባ ትደር፤ ቁርሷን በልታ በመኪና ሳነቴን ታቋርጥ። ከመንገዱ ብዙም ሳትርቅ ጅብራውን፣ ኩሬዎቹን፣ ዝይዎቹን ታያለች፤ ዕድል ካላት ቀበሮውንም። አምባው ላይ ለረጅም ጊዜ ሳትቆም ወደ ሪራ ትውረድ። እዚያ ሐረና ይጀምራል፤ አየሩ ይለዝባል፣ ማርና የጫካ ቡና ይገኛል። በፈረስ የሄዱት ልጆች ከጋርባ ጉራቻ ወደ ሳነቴው መንገድ ወጥተው በሌላ መኪና ይከተሏት። ስልክ በአብዛኛው መንገድ ላይ ስለማይሠራ፣ መኪናው የትኛው መታጠፊያ ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጠብቅ ከዲንሾ ሳትነሡ ከሾፌሩም ከባለ ፈረሶቹም ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ሾፌሩም ቢያንስ ግማሽ ቀን ለመጠበቅ የሚበቃ ምግብ፣ ጋቢና ነዳጅ ይዞ ይውጣ።