ካነን ኤኢ-1 ለላስታ ልጅ አይሆንም

የካሜራ ሊቃውንት ነን ባዮች ለጀማሪ የሚሰጧቸው ሁለት ምክሮች አሉ። አንዱ «ካነን ኤኢ-1 ግዛ» ነው። ሌላው «ሁሉን በእጅህ ካላደረግህ ፎቶ አንሺ አይደለህም» የሚል ነው። ለቶኪዮ ልጅ ይሁን፣ ግድ የለኝም። ላሊበላ ተቀምጦ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አንድ ያገለገለ የፊልም ካሜራ እንዲይዝለት ለሚለምን ወጣት ግን ሁለቱም ክፉ ምክር ናቸው።

እስቲ ከቦታው እንነሳ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። ከዚያ ፀሐይ ጥቂት እርምጃ ወርደህ ቤተ ማርያም ስትገባ ጨለማ ነው። የይምርሐነ ክርስቶስማ ከነጭራሹ ዋሻ ውስጥ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ስትቆም ደግሞ ከእግርህ ሥር ያለው የድንጋይ ጠርዝም፣ ከታች የሚያልፈው መነኩሴም እኩል ጥርት እንዲሉልህ ትፈልጋለህ። ይህን የሚወስነው የሌንሱ ቀዳዳ፣ አፐርቸር የሚሉት ነው። ኤፍ 11 ላይ ስታጠበው ቅርቡም ሩቁም ይጠራል፤ ኤፍ 2 ላይ ስታሰፋው ብርሃን ይገባል፣ ነገር ግን የቄሱ ዓይን ጠርቶ የያዙት መስቀል ሊደበዝዝ ይችላል።

አፐርቸር ፕራዮሪቲ ያለው ካሜራ ቀዳዳውን ለአንተ ትቶ የሻተሩን ፍጥነት ራሱ ይመጥናል። ኤኢ-1 የዚህ ግልባጭ ነው፤ ፍጥነቱን አንተ፣ ቀዳዳውን እሱ። ለስታዲየም ኳስ መልካም ነው። ድንጋይ ግን አይሮጥም! እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ታናሹ ኤኢ-1 ፕሮግራምም ይህን አሠራር አልጨመረም። ታዲያ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ለስሙ ነው።

«ሁሉን በእጅ» ባዮቹንማ ተዉአቸው። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሰምና ወርቅ ሊማር የመጣን ተማሪ «አስቀድመህ ቀፎ ስቀል» ያልኩበት ቀን የለም። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው። ፊልሙን ለማሳጠብ አዲስ አበባ የሚልክ ልጅ፣ ከፀሐይ ወደ ጨለማ በገባ ቁጥር ስሌት ሲሳሳት አሥሩን ቢያቃጥል፣ ትምህርት ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ማሽኑ አይሳሳትም አላልኩም። የብርሃን መለኪያው ነጩን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይቀናዋል። በገና ማለዳ ለቤዛ ኩሉ ነጭ ለብሶ የቆመ ሕዝብ ፊት ብታነሣው ነጠላውን አመድ ያስመስልሃል። ስለዚህ እርማት የሚቀበል ይሁን። ኒከን ኤፍኢ እና ፔንታክስ ኤምኢ ሱፐር እስከ ሁለት ደረጃ ወደ ላይም ወደ ታችም ያርማሉ። ኪስ ካልፈቀደ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለጀማሪ ተብሎ የተሠራው ኒከን ኢኤም አለ፤ ሁለት ደረጃ የሚጨምር ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ለነጠላው ይበቃል። አዋቂዎቹ ስለናቁት ዋጋው ከኤኢ-1 ያንሳል፤ ንቀታቸው ጠቀመን። ባትሪዎቹ ሁለት ትናንሽ ክቦች ናቸው። ቢያልቁ እንኳ በአንዲት ፍጥነት፣ በሰከንድ 90ኛ፣ ማንሣት ይቻላል። ኤኢ-1 ባለ 6 ቮልት ባትሪው ሲያልቅ ጭጭ ነው።

«ስልክ አለ አይደል?» ይሉኛል። አለ። ስልኩ ሲሰረቅ ግን የሦስት ዓመት የቤተሰብ ፎቶ አብሮት ይሄዳል፤ በወጉ የተቀመጠ ኔጋቲቭን የልጅ ልጅ ያትመዋል። ስዊሱ ጌኦርግ ጌርስተር ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ያዘጋጀው የፎቶ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ። ድንቅ ነው፤ የእንግዳ ዓይን ግን ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 ክረምት ጦርነት የጎብኚውን እግር ሲቆርጡት ከተማው ውስጥ የቀረው ዓይን የማን ነበር? የተወላጁ አይደለም እንዴ? ያ ዓይን ያየውን የሚያስቀርበት መሣሪያ ይፈልጋል።

እንግዲህ የሚያመጡለት ዘመድ እርስዎ ከሆኑ ጥቂት ይድከሙ። የባትሪውን ቤት ከፍተው ዝገት ይፈልጉ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንተው ሻጋታ እንደሌለው ይዩ። የጀርባው ክዳን ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በእጅዎ ላይ እንደ ጥላሸት ከረገፈ መቀየር አለበት፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ያስቀንሱ። ከዚያ ወደ መስኮት፣ ከዚያም ወደ ጨለማ ጥግ ያነጣጥሩና በመመልከቻው ውስጥ ያለችውን መርፌ ይከታተሉ። ካልተንቀሳቀሰች አይግዙት።