የጭቃ ፈረሰኛና ቀለሙ

የፈረሰኛ ወታደርን ምስል ከጣት በማይበልጥ መጠን ሠርቶ ቀለም መቀባት በብዙ ወላጆች ዘንድ የሥራ ፈት ጨዋታ ተብሎ ይናቃል። እኔ ግን ይህ ሥራ በትምህርት ቤቶቻችን ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። ምክንያቴም ሥራው ስለሚያስደስት አይደለም፤ ሠሪውን እንዲጠይቅ ስለሚያስገድደው ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ ሥራ የሚጠመዱት ልጆች ብቻ አይደሉም። ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የናፖሊዎንን ዘመን ፈረሰኞች ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ገዝተው፣ በቀጭን ብሩሽ ቀብተው፣ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ እያሰለፉ በማስመሪያና በዳይስ የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ። ነገሩ ከእኛ ሰንጠረዥ እጅግ የራቀ አይደለም፤ በሰንጠረዥም ንጉሥና ፈረስ አሉ። ይሁን እንጂ የሰንጠረዥ ፈረስ ቀለሙ ማንንም አያስጨንቅም፤ የናፖሊዎን ዘመን ፈረሰኛ ግን የኮሌታው ቀለም እንኳ የየትኛው ሬጅመንት ሰው እንደ ሆነ ይናገራል።

ዊልያም ሳይቦርን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በዚህ ረገድ ሊታወስ ይገባዋል። ናፖሊዎን እ.ኤ.አ. በ1815 ድል የተነሣበትን የዋተርሉን ጦር ሜዳ አሳንሶ በምስል እንዲሠራ በ1830 ታዘዘ። እርሱ ራሱ በውጊያው አልነበረም። ስለዚህ ስምንት ወር በሥፍራው ተቀምጦ ኮረብታውንና ማሳውን ለካ፤ ከዚያም ከውጊያው በሕይወት ለተረፉ መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ። በዚያች ዕለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ጭፍራቸው የት እንደ ቆመ፣ ፊት ለፊታቸው የነበረው ጠላት ማን እንደ ነበረ፣ በማሳውም ላይ ምን ዓይነት አዝመራ እንደ ነበረ ጠየቃቸው። ሥራው በ1838 ለሕዝብ ሲታይ ከ70 ሺህ በላይ ምስሎች ተሰልፈውበት ነበር፤ ዛሬም በለንደን በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል። እንደ እኔ አስተያየት ከምስሎቹ ይልቅ የበለጠ ዋጋ ያላቸው ደብዳቤዎቹ ናቸው፤ የዋተርሉን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያገላብጧቸዋልና። ትንሿ ምስል ባትኖር ኖሮ ግን ስለ አዝመራው ማን በጠየቀ ነበር?

ይህ ሁሉ በአሶሳ ላለ ተማሪ ምን ይረባል የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ በአሶሳ ዙሪያ ባለው ቆላ በገንዲ በሽታ ምክንያት ፈረስ እንደ ደጋው በብዛት አይታይም፤ ከውጭ የሚመጣ ምስልም በገበያው አይሸጥም። ዳሩ ግን ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ በቅርብ አለ። እረኛ ልጅ በሬና ላም ሲያበጅበት የኖረ ጭቃ አለ። የቀርከሃ ስንጥር ለጦሩ ዘንግ ይሆናል፤ ጥላሸት ለጥቁሩ፣ ቀይ አፈር ለዳማው፣ ኖራ ለነጩ ያገለግላል፤ ቀለሙንም የዛፍ ሙጫ ያያይዘዋል።

ፈረሰኛው የዓድዋ ፈረሰኛ ይሁን። የአውሮፓን ፈረሰኛ ሥዕል አይቶ ልብሱን ብቻ በነጭ ሸማ የሚለውጥ ተማሪ ቡት ጫማ ያጠልቅለታል፤ ጎራዴውንም በግራ ጎኑ ያንጠለጥልለታል። የዚያን ዘመን ፈረሰኛችን ግን ባዶ እግሩን ሆኖ ጠባቧን እርካብ በአውራ ጣቱና በተከታዩ ጣት መካከል ቆንጥጦ ይጋልብ ነበር፤ ጎራዴውንም የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር። ፈረሱም ቢሆን «ቡናማ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ ዳማ ነው? ቡላ ነው? ወይስ ጉራቻ? ግንባሩ ላይ ነጭ ካለበትም ቦራ ነው። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረስ ስም በተጠሩበት አገር የፈረስን መልክ አለማወቅ ያሳፍራል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። በዚህ ክልል፣ በካማሺና በመተከል፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ብዙ ሰው ተገድሏል፤ ብዙም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ይህን ያየ ልጅ በጦርነት ምስል እንዲጫወት ማድረግ ተገቢ ነውን? ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ሊናቅ አይገባውም። መልሴ ግን አዎን፣ ተገቢ ነው የሚል ነው፤ ነገር ግን ለጠላትም ሁለት ዐይን ይሰጠው።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ በሁለት ዐይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በአንድ ወገን በአንድ ዐይን ብቻ ይታያል። የዓድዋን ጦርነት የሣሉ ብዙ ሠዓሊዎችም ወጉን ተከትለው ኢትዮጵያውያንን በሁለት፣ ጣሊያኖችን በአንድ ዐይን ሥለዋቸዋል። ወጉን አልነቅፍም። ጠፍጣፋ ሸራ ይህን ይችላል፤ የጭቃ ምስል ግን ዙሪያ ስላለው ሲያዞሩት ሌላው ጉንጭ ብቅ ይላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጄኔራል ባራቲየሪ ሥር ከተሰለፉት ከ17 ሺህ በላይ ወታደሮች መካከል 7 ሺህ ያህሉ አስካሪ የተባሉት የአገር ተወላጆች ነበሩ፤ ቀይ ታርቡሽ የደፉ፣ የመቀነታቸው ቀለም በየሻለቃው የሚለያይ። ተማሪው የእነዚህን ሰዎች ፊት ለመቀባት ቀለም ሊበጠብጥ ሲነሣ፣ ለእኛ ፈረሰኛ ፊት የበጠበጠው ያው ቀለም እንደሚበቃው ያያል። መምህሩ በዚህ ጊዜ ምንም ባይናገር ይመረጣል።

ዓድዋን የጨረሰ ክፍል የራሱን ከተማ ሊጀምር ይችላል። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. በቤልጅግ መኮንኖች የሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች በሱዳን በኩል መጥተው አሶሳን ከጣሊያን እጅ አስለቅቀዋል። ምን ለብሰው ነበር? በየትኛው መንገድ ገቡ? የከተማው ሰውስ በዚያን ዕለት የት ነበር? ሳይቦርን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ ደብዳቤ መጻፍ አስፈልጎት ነበር፤ የአሶሳ ተማሪ ግን ነገሩን ከአባቱ አፍ ወደ ሰማ አንድ አዛውንት ቤት ጭቃውንና ቀለሙን ይዞ በእግሩ መሄድ ይችላል።