ኪሳራው ሁሉ ከአለቱ አይደለም

በኤፕሪል 2015 ዩኬ ኦይል ኤንድ ጋዝ የተባለ አነስተኛ የነዳጅ ፍለጋ ኩባንያ ከለንደን በስተደቡብ፣ ከጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሆርስ ሂል በተባለ ስፍራ ስለቆፈረው ጉድጓድ መግለጫ አወጣ። በፈቃድ ክልሉ ውስጥ በእያንዳንዱ ስኩዌር ማይል 158 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ተኝቷል የሚል ግምት ነበር። ስሌቱ ስፍራው ወደሚገኝበት ወደ መላው የዊልድ ተፋሰስ ሲዘረጋ እስከ 100 ቢሊዮን በርሜል ሊኖር ይችላል ተባለ። ዜናው በዚያው ቀን ዓለምን አዳረሰ፤ የኩባንያው አክሲዮን ዋጋም ከእጥፍ በላይ ዘለለ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ዓመት በፊት የብሪታንያ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በዚሁ ተፋሰስ የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ይኖራል ብሎ ያስቀመጠው መካከለኛ ግምት 4.4 ቢሊዮን በርሜል ነበር። ከተኛው ነዳጅ ሊወጣ የሚችለው ከመቶ ከ3 እስከ 15 እጅ ብቻ እንደሆነ ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። ርዕስ የሆነው ግን መቶ ቢሊዮኑ ነው። ኩባንያው ስለ ሰፊው ተፋሰስ ለመናገር የሚበቃ ሥራ ከፈቃድ ክልሉ ውጭ እንዳልሠራ የገለጸበት ማብራሪያ ከቀናት በኋላ ሲወጣ፣ በደስታው ቀን የገዛው ገዝቷል፣ የሸጠውም ሸጧል። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠሩ አዳዲስ አክሲዮኖች አውጥቷል። በጁን 2024 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሆርስ ሂልን የማምረት ፈቃድ በሦስት ለሁለት ድምፅ ሻረው። ነዳጁ ተቃጥሎ የሚያስከትለው ብክለት ፈቃዱ ሲሰጥ አልታሰበበትም በሚል ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ላይ ባለአክሲዮኑ ድምፁን ሲያሰማ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ነዳጅ ፍለጋ ቁማር ነው፤ አውቀህ ገብተህ ምን ታለቃቅሳለህ? ቦርዱም፣ አሻሻጩ ደላላም፣ የገበያ ተንታኙም ይህን ይላሉ። አንዳንዴ የተቃጠለው ባለአክሲዮን ራሱ ይለዋል፣ ከማፈር ይሻላል ብሎ። ብስለት ያለው አነጋገር ይመስላል። ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ኪሳራዎችን በአንድ ከረጢት ስለሚያስር ግን ውሸት ነው። አንዱን ኪሳራ ያመጣው አለቱ ነው። ሌላውን ያመጡት በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

የአለቱን ኪሳራ ማንም ጨዋ ባለአክሲዮን አይክድም። ኢትዮጵያውያን ይህን በቅርበት አይተዋል። በ2013 ታሎው፣ አፍሪካ ኦይልና ማራቶን በጋራ በያዙት የደቡብ ኦሞ ክልል ሳቢሳ የተባለው ጉድጓድ ሲቆፈር የነዳጅና የጋዝ ምልክት ታየ ተባለ፤ በአዲስ አበባም ተስፋው ከፍ ብሎ ነበር። ቀጥሎ የተቆፈረው ቱልቱሌ ለንግድ የሚበቃ ነገር አላስገኘም። በ2014 በጨው ባህር ተፋሰስ የተቆፈሩት ሺመላና ጋርዲምም ደረቅ ሆኑ። የአፍሪካ ኦይል ባለአክሲዮኖች እዚያ ያጡት ገንዘብ ወደ ታሰበለት ጉድጓድ ገብቷል። መሰርሰሪያው ወርዷል፣ አለቱ መልሱን ሰጥቷል። አሳዛኝ ነው፣ ግን ንጹሕ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አነስተኛ የፍለጋ ኩባንያ ገቢ የለውም፤ የሚሸጠው በርሜል ሳይሆን ተስፋ ነው። ለቢሮ ኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለአማካሪ፣ ለፈቃድ ክፍያ የሚሆነው ገንዘብ የሚመጣው አዲስ አክሲዮን አትሞ በመሸጥ ነው። ሽያጩ ብዙውን ጊዜ ከገበያ ዋጋ በቅናሽ፣ ለደላላው ደንበኞች፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ተራው ባለአክሲዮን ዜናውን በማግስቱ ያነባል። በወጡ ላይ ውሃ ተጨምሯል፤ ሥጋው ያው ነው፣ በላተኛው ግን በዝቷል። አንድ መቶኛ ድርሻ የነበረው ሰው፣ የአክሲዮኑ ቁጥር አሥር እጥፍ ሲሆን ድርሻው አንድ ሺኛ ይሆናል። ነዳጁ በመጨረሻ ቢገኝ እንኳ ለእርሱ የሚደርሰው ጠብታ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሜትር ጉድጓድ ላይቆፈር ይችላል።

ለዚህ ሽያጭ ማሟሻ የሚሆኑት ቁጥሮች ናቸው። በሙያው ደንብ «የተረጋገጠና ሊሆን የሚችል ክምችት» ማለት በታወቀ ዕቅድ፣ በትርፍ ሊወጣ የሚችል ነዳጅ ነው። ከእርሱ በታች የተገኘ ግን ለማምረት ገና ያልበቃው አለ። ከሁሉም በታች ደግሞ ገና ያልተቆፈረው፣ በንዝረት ጥናት ምስል ላይ ብቻ ያለው ይገኛል። «ከምድር በታች ያለ ጠቅላላ መጠን» የሚባለው ከእነዚህ ከሁሉም የሚሰፋ ቁጥር ነው፤ ከእርሱ ውስጥ አብዛኛው መቼም አይወጣም። በመግለጫዎቹ ርዕስ ላይ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ ለመገመት ጂኦሎጂስት መሆን አያስፈልግም።

ወደ አየርላንድ እንሻገር። ፕሮቪደንስ ሪሶርስስ የደብሊን ኩባንያ ነበር። በ2012 መጀመሪያ ከኮርክ ባሕር ዳርቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ባሪሮ መስክ የፈተነው ጉድጓድ በቀን ከ3,500 በርሜል በላይ ነዳጅ አፈሰሰ። ይህ ማጋነን አልነበረም፤ ነዳጁ አለ። ኤሶ በ1970ዎቹ፣ ማራቶን በ1990 እዚያው ነዳጅ አግኝተው ነበር። ቀጥሎ ሊወጣ የሚችለው 346 ሚሊዮን በርሜል ያህል እንደሆነ በገለልተኛ ገማች ተመሰከረ። አንዱ አክሲዮንም በብዙ ፓውንድ ይሸጥ ነበር። የአየርላንድ ጡረተኞችና ነጋዴዎች አገራቸው ነዳጅ አምራች ልትሆን ነው ብለው ገዙ።

ከዚያ በኋላ፣ ኩባንያው እስከፈረሰበት እስከ 2023 ድረስ፣ በባሪሮ ላይ አንድም አዲስ ጉድጓድ አልተቆፈረም። አሥራ አንድ ዓመት።

በመካከሉ ምን ሆነ? ኩባንያው ለባሪሮ የሚከፍል ሀብታም አጋር እየጠበቀ ሌላ ቦታ ዕድሉን ሞከረ። በ2013 ኤክሶንሞቢል የመራው የደንኲን ጉድጓድ ለንግድ የሚሆን ነገር አላስገኘም፤ በ2017 ድሩይድና ድሮምቤግን የፈተነው ጉድጓድ ውሃ ሆነ። እነዚህ የአለቱ ኪሳራዎች ናቸው፣ ይሁን። በ2016 ግን ከዕዳ ለመውጣት ብዙ አዲስ አክሲዮን በፔንስ ዋጋ ሲሸጥ፣ በ2012 በፓውንድ የገዛው ሰው ድርሻ በአንድ ጊዜ ኮሰሰ። በማርች 2018 የቻይና ኩባንያዎች ጥምረት የመስኩን ግማሽ ወስዶ የቁፋሮውን ወጪ ሊችል ተፈራረመ፤ ዋጋውም ዳግም ተነሣ። ከዚያ ቅድሚያ ይከፈላል የተባለው 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ መጠበቅ ተጀመረ። በ2019 ቀኑ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ እንደገና። ገንዘቡ ሳይገባ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ስምምነቱ ፈረሰ። ቀጥሎ ስፖትኦን የተባለ የኖርዌይ አጋር መጣ፣ እርሱም በ2021 ሄደ። ኩባንያው ስሙን ለውጦ ባሪሮ ኦፍሾር ኢነርጂ ሆነ፤ ስም መለወጥ በዚህ መንደር የተለመደ መድኃኒት ነው። በሜይ 2023 በወቅቱ የአየርላንድ ሚኒስትር የነበሩት ኢመን ራያን ኩባንያው የገንዘብ አቅሙን አላሳየም ብለው የጠየቀውን ፈቃድ ከለከሉት፤ ኩባንያውም ፈረሰ።

የኩባንያው ደጋፊዎች ጥፋቱን በሙሉ በሚኒስትሩ ላይ ይጥላሉ። የአየርላንድ መንግሥት ፊቱን ከነዳጅ እንዳዞረ እርግጥ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ አዲስ የፍለጋ ፈቃድ በሕግ ተከልክሏል። የባሪሮ መስክ የ20 በመቶ ባለድርሻ የሆነው ላንስዳውንም ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ይዞ ሄዷል። ግን ሚኒስትሩ እምቢ ከማለታቸው በፊት አሥር ዓመት በእጁ የነበረው ማን ነው? የማይከፍል አጋር በመረጠው ላይ፣ ቀኑ ሲራዘም «በቅርቡ» እያለ በጻፈው ላይ የሚነሣ ጥያቄ ቁማርተኛ የሚጠይቀው ጥያቄ አይደለም። ለሠራተኛው የከፈለ ባለቤት የሚጠይቀው ነው።

«አውቀህ ገባህ» የሚለውን አነጋገር በማስረጃ የሰበረው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሃሪኬን ኢነርጂ ከሸትላንድ ደሴቶች በስተምዕራብ የላንካስተርን መስክ ያገኘ ኩባንያ ነበር። ሀሳቡ ደፋር ነው፤ ሌሎች ንቀው የተዉትን የተሰነጣጠቀ መሠረታዊ አለት ነዳጅ ያዝላል ብሎ መቆፈር። ኩባንያው በ2017 ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ከዚህ ውስጥ 230 ሚሊዮኑ በጁላይ 2022 የሚከፈል ቦንድ ነበር። በጁን 2019 ነዳጅ መፍሰስ ጀመረ። በ2020 ግን ጉድጓዶቹ እንደታሰበው አልሆኑም፤ ከመጀመሪያው የላንካስተር ልማት ይወጣል የተባለው 37 ሚሊዮን በርሜል ወደ 16 ሚሊዮን ወረደ። መሥራቹ ሮበርት ትራይስም ከኃላፊነት ለቀቁ። እስካሁን ያለው የአለቱ ድርሻ ነው።

በ2021 የጸደይ ወራት ቦርዱ ቦንዱን መክፈል አንችልም ሲል ደመደመ፤ ስለዚህም ከኩባንያው 95 በመቶውን ለቦንድ ባለቤቶች አስረክቦ ለነባር ባለአክሲዮኖች 5 በመቶ የሚያስቀር ዕቅድ አቀረበ። አማካሪዎች ነበሩ፣ ሞዴሎች ነበሩ፣ የተጠና ቋንቋም ነበር። ባለአክሲዮኖቹ ግን ተቆጡ። ክሪስታል አምበር በተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ እየተመሩ፣ ድምፅ ከሰጡት ድርሻዎች ከ90 በመቶ በላይ ዕቅዱን ተቃወሙ። መከራከሪያቸው ቀላል ነበር። ኩባንያው ነዳጅ እየሸጠ ነው፣ የዕዳው ቀን ገና ዓመት ይቀረዋል፣ የብሬንት ድፍድፍ ዋጋ ደግሞ በበርሜል ከ70 ዶላር አልፏል፤ ምን ያስቸኩላል?

የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ዛካሮሊ በጁን 28 ቀን 2021 ዕቅዱን አላጸድቅም አሉ። ኩባንያው ሥራውን ቢቀጥል ዕዳውን ከፍሎ ለባለአክሲዮኖቹ አንድ ነገር የሚተርፍበት ተጨባጭ ዕድል አለ፤ ስለዚህ ዕቅዱ ከአማራጩ የባሰ አያደርስባቸውም ማለት አይቻልም የሚል ነበር ምክንያታቸው። የቦርዱ ሊቀመንበር ከሌሎች አባላት ጋር ለቀቁ። በጁላይ 2022 ቦንዱ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ። በ2023 ፕራክስ የተባለ ድርጅት ኩባንያውን እስከ 249 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ በሚችል ዋጋ ገዛው፤ ይህም በኋላ ከሚገኝ ገቢ የሚታሰበውን ክፍያ ጨምሮ ነው። የነዳጅ ዋጋ መናር ረድቷቸዋል፣ አይካድም። ሆኖም «ስሜታዊ» የተባሉት ባለአክሲዮኖች ያነበቡትን ሒሳብ ባለሙያዎቹ በተሳሳተ መንገድ አንብበውት ነበር። ቢያንስ አንባቢው የቸኮለ ነበር።

ባለአክሲዮኖቹ መላእክት ናቸው ማለት አይደለም። አንድ ድርጅት ጥያቄ ሲያነሣ «ጠላት ነው» ብሎ የሚዘምት፣ መጥፎ ዜና ያመጣውን የሚሳደብ፣ በዝላዩ ቀን ያለ ንባብ የሚገዛ ባለአክሲዮን ሞልቷል። የሆርስ ሂልን የመቶ ቢሊዮን ርዕስ አጣፍጠው ያሰራጩት ገዢዎቹም ናቸው። ይህ ስንፍና ግን ለቦርዱ ፈቃድ አይሆንም። ደንበኛው ቸልተኛ ስለሆነ ሚዛኑን ማጉደል የትም አገር አይፈቀድም።

የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም። በእያንዳንዱ ዓመታዊ ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፤ ኩባንያው ገበያ ሲገባ የነበረው የአክሲዮን ብዛትና የዛሬው፣ በዓመቱ ለቁፋሮ የወጣውና ለቢሮ የወጣው፣ ባለፈው ዓመት «በቅርቡ» የተባሉት ነገሮችና የደረሱበት። የአክሲዮን ሽያጭ ሲኖርም ለደላላው ደንበኞች በቀረበው ዋጋ ነባሩ ባለቤት ቀድሞ ይጠየቅ። ይህን የሚቃወም ሥራ አስኪያጅ ምክንያቱን በጉባኤ ላይ ቆሞ ቢያስረዳ መስማት ደስ ይላል።

ጉዳዩ የለንደንና የደብሊን ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሆቴል አዳራሽ «በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር» ሲሸጥለት የኖረው የኢትዮጵያ ባለአክሲዮን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የተደራጀ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አግኝቷል። ወደ ገበያው ቀድመው የመጡት ባንኮች ናቸው፤ ባንክ ደግሞ ገቢ አለው። ገቢ የሌለው የማዕድን ወይም የጋዝ ፈላጊ ኩባንያ በሩን ያንኳኳ ቀን፣ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በሽያጭ ሰነዱ ላይ «ከምድር በታች ያለ» የሚለውን ቁጥር ሊወጣ ከሚችለው ሳይለይ እንዳያሳልፍ ከአሁኑ ደንብ ቢያወጣ ይሻላል፤ ሰነዱ ከተሸጠ በኋላ የሚወጣ ማብራሪያ ለማን እንደሚጠቅም የሆርስ ሂል ገዢዎች ያውቁታል።