የብር ሜዳሊያው ለምን ተሰጠ?

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በወራሪው ጣሊያን ቦምብ ስትነድ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ ከላይ ሆኖ ቦምቡን የጣለው ሰው የፈጸመው ጀብዱ ምንድን ነው? በዚያ ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከዘመቱት መካከል የጣሊያኑ መሪ የሙሶሊኒ ልጆች ብሩኖና ቪቶሪዮ፣ አማቹ ጋሌያሶ ቻኖም ይገኙበታል። ሦስቱም በወታደራዊ ጀግንነት የብር ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ጣሊያን በ1932 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ ሜዳሊያው የሚገባው ከባድና ግልጽ አደጋን እያወቀ ለተጋፈጠ ሰው ነው ይላል። ታዲያ አደጋው የት ነበር? የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ ለውጊያም የማይሆኑ ነበሩ። ከመሬት የሚተኮስ ጥይት እንደነበረ አይካድም፤ ቻኖ ራሱ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያርፍ ሲሞክር ተተኩሶበታል። ግን ከላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተረጭቶበት፣ እርጥቡን ሣር በባዶ እግሩ ረግጦ ቆዳው ከተላጠው ገበሬ አደጋ ጋር ይህ ይነጻጸራል? ቪቶሪዮ ቦምብ መጣሉን እንደ መዝናኛ ቆጥሮ መጽሐፍ ሲጽፍበትስ ሜዳሊያውን የሰጠው መንግሥት ምን ተሰማው?

ለማነጻጸር ያህል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ጓድ ወደ 125 ሺህ ከሚጠጉ በራሪዎች 55,573 ሞተዋል። ከሞት የተረፉት የራሳቸውን የክብር መለያ ያገኙት በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርመን ከተሞች ላይ ያደረሱት እልቂት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ማከራከሩም ተገቢ ነው። በእኛ ላይ ለተጣለው ቦምብ የተሰጠው ሽልማትስ መቼ ነው እንዲህ ያከራከረው? ጣሊያን የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በ1988 ዓ.ም. አምናለች። ካመነች በኋላ ስለ ሜዳሊያዎቹ ምን አለች?

ጥያቄው ሮም ላይ ብቻ አይቆምም። ምሥራቅ ጎጃም፣ ጉንደ ወይን ላይ ቆሞ ወደ ቢቸና ለሚመለከት ሰው፣ ያን ጠላት በጠመንጃ የተጋፈጠው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የዚህ አገር ልጅ ነው። ነጻነት በተመለሰ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1937 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ ተሰቀለ። ከላይ ቦምብ የጣለው የብር ሜዳሊያ፣ ከታች የቆመው ገመድ ማግኘቱን ለልጆቻችን በምን ቃል እናስረዳ?

ደግሞ 1960 ዓ.ም. አለ። የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምጽ፣ ሞጣና ቢቸና ሲነሡ፣ መንደር የደበደቡት አውሮፕላኖች የጣሊያን አልነበሩም፤ የራሳችን የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ነበሩ። ገበሬውን ያስደበደቡት አባቶቹ ለነጻነት የተዋጉላቸው ሰዎች አይደሉም ወይ? በኋላ ንጉሡ ውዝፍ ግብሩን ማሩ። የተቃጠለውን ቤት ማን ካሰ? በዚያ ግዳጅ የበረሩትን አብራሪዎች አዛዦቻቸው ምን ብለው አመሰገኗቸው? የተደበደቡት መንደሮች ስምስ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ሐውልት ላይ ነው የተጻፈው?