የሶሻል ገንዘብ ሲቆረጥ ዝም አንበል

ስለ አገራችን መብት በየአደባባዩ የምንጮህ እኛ ስደተኞች፣ ዙሪክ ሽዋመንዲንገን ቤታችን ድረስ የሚመጣ የሶሻል ቢሮ ደብዳቤ ግን አንደበታችንን ይዘጋዋል። ገንዘቡ ሲቆረጥ «ባማርር ፈቃዴን ይነጥቁኛል» እያልን እንቀመጣለን።

እውነት ነው፣ ሕጉ ጠብቋል። የዙሪክ ካንቶን ሕዝብ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2017 በሰጠው ድምፅ፣ የስደተኝነት እውቅና ሳያገኙ ጊዜያዊ የኤፍ ፈቃድ የያዙ ሰዎች ከመደበኛው ሶሻል ወጥተው ወደ አነስተኛው የጥገኝነት እርዳታ ወርደዋል። የተቀነሰው ግን ገንዘቡ እንጂ የመከራከር መብቱ አይደለም። የስዊስ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ለተቸገረ ሁሉ እርዳታ ያረጋግጣል። የፌዴራሉ ፍርድ ቤትም በ2005፣ ጥገኝነት ተከልክሎ ለመውጣት ያልተባበረ ሰው እንኳ የአስቸኳይ እርዳታ አይነፈግም ሲል ፈርዷል።

ስለዚህ በቃል የተነገረንን «ተቆርጧል» አንቀበል። ምክንያቱና የይግባኙ መንገድ የሰፈረበት ውሳኔ በጽሑፍ እንጠይቅ። መቃወሚያ የሚቀርብበት ጊዜ በአብዛኛው 30 ቀን ብቻ ነው። ጀርመንኛው ወይም ፈረንሳይኛው ቢከብደን፣ ዙሪክ ላይ ኡ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው ነፃ የሶሻል ሕግ አማካሪ፣ ጄኔቭ ላይ ደግሞ ካሪታስና የፕሮቴስታንት ማኅበራዊ ማዕከል አሉ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። ቀኑ እስኪያልፍ ዝም ያለ፣ ውሳኔውን ተቀብሏል ማለት ነው።