ዓሣው ብቻ አይበቃም

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ የሚኖር ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ነበር። ጓሮው ውስጥ 1,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ቆሮሶ ዓሣ ያረባል። የዓሣው ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ሰላጣና ቆስጣ የተተከለበት ጠጠር ውስጥ ያልፍና ተመልሶ ሮቶው ውስጥ ይገባል። አኳፖኒክስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሸዋ ሮቢትና ሐዋሳ ላይም ከዓመታት በፊት ተሞክሯል። ዓሦቹ ደህና ናቸው። ሰላጣው ግን ቢጫ ሆኗል። «ይሄን ማን ይገዛኛል?» አለኝ። የሮቶውንና የፓምፑን ብድር ገና አልከፈለም።

ሥልጠና ላይ የተነገረው «ዓሣውን መግብ፣ ዓሣው አትክልቱን ይመግባል» የሚል ነው። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ በብድር የጀመረን ወጣት ያከስራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አትክልቱ ናይትሮጅን የሚያገኘው ከዚያ ነው። አይረን፣ ፖታሺየምና ካልሲየም ግን አብዛኛውን ጊዜ ያጥራሉ። መኖው የተዘጋጀው ለዓሣ እንጂ ለሰላጣ አይደለማ!

ጉድለቱን ቅጠሉ ራሱ ይናገራል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ አይረን ጎድሏል። የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ከተቃጠለ ፖታሺየምን፣ የለጋው ጫፍ ከደረቀ ካልሲየምን ጠርጥሩ። የጓደኛዬ የመጀመሪያው ነበር።

በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ይህን ዘዴ ለዓመታት ያጠኑት ጄምስ ራኮሲም በዓሣ ብቻ አልተማመኑም። በየ3 ሳምንቱ በሊትር 2 ሚሊግራም አይረን ይጨመር ነበር። የውሃው ፒኤች ሲወርድ ደግሞ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እየተፈራረቁ ይገባሉ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ፤ ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለዚህ አይደል? ለ1,000 ሊትር 2 ግራም አይረን ያስፈልጋል። 11 በመቶ አይረን ባለው ዲቲፒኤ በሚባለው ዱቄት ሲሰላ 18 ግራም ገደማ ነው። በዓመት 17 ጊዜ ቢጨመር ወደ 310 ግራም ይሆናል። አንድ ኪሎ ለሦስት ሮቶ ዓመቱን ሙሉ ይበቃል ማለት ነው።

ችግሩ ዱቄቱ በዶላር የሚገዛ መሆኑ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ። ትልልቅ የአበባ እርሻዎች በብዛት ይገዛሉ፤ አንድ ሮቶ ያለው ልጅ ግን 300 ግራም ከየት ያመጣል? ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ለዕቁብ እንደምትሰባሰቡ ተሰባስባችሁ ግዙ። ሥልጠና የምትሰጡም የዓሣ ጫጩት ስታከፋፍሉ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ንገሩን። ብድሩ ውስጥ ይካተት።

አቋራጭ አትፈልጉ። ዩሪያ ሮቶው ውስጥ ከጨመራችሁ አሞኒያ ሆኖ ዓሣውን ይፈጀዋል። አመድ ፖታሺየም አለው፤ ሲበዛ ግን ፒኤቹን በአንዴ ሽቅብ ይሰቅለዋል፣ ያኔ ውሃው ውስጥ ያለው አሞኒያ የባሰ መርዝ ይሆናል። የዛገ ሚስማርም አይሠራም፤ ዝገት ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ሥሩ አይስበውም።

ደሴ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ገደማ። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ መብላት ይቀንሳል። እሱ ካልበላ ሰላጣውም ጾሙን ያድራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉን በደንብ ተመልከቱ።

«ታዲያ ኬሚካል ከገባበት ምኑን ተፈጥሯዊ ሆነ?» የሚለኝ አይጠፋም። የኮምቦልቻ ሰው ጎመን ሲገዛ የሚጨነቀው የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት በቦርከና ውሃ ይብቀል አይብቀል ብሎ ነው። ንጹሕ ውሃ ላይ የበቀለ ቅጠል 2 ሚሊግራም አይረን ስለተጨመረለት ንጽሕናው አይጎድልም። ደንበኛው ከጠየቀ ምን እንደጨመራችሁ ንገሩት። ቢጫ ሰላጣ ይዞ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ግን ብድር አይከፍልም።